ጉዱ ካሳ ያጣው ጉባኤ

አዲስ ሐሳብ ከአንድ ሰው ጭንቅላት ይወለዳል ወይስ ከማኅበር? በየሥነ ጽሑፍ ክበቡ ይህ ክርክር ሲነሣ ምስክር ሆኖ የሚጠራው ጉዱ ካሳ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ካሳ ብቻውን ያስባል፤ አገሬው «አብዷል» ይለዋል። ስለዚህ፣ ይሉናል ተከራካሪዎቹ፣ ማኅበር የአዲስ ነገር ጠላት ነው። እኛ በዚህ አንስማማም።

እስቲ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ወዳለችው ማንኩሳ እንመለስ። ልቦለዱ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ በዛብህም የዚያ አገር ልጅ፣ የጎጃም ቅኔ ቤት ፍሬ ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሹን ለምኖ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ይቆጥራል። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃናም ትሁን ስምንት ቤቱ መወድስ፣ የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ መምህሩ «ዜማው ተሰበረ፣ ምሥጢሩ አልገጠመም፣ ሰሙ ወርቁን አልተሸከመም» እያለ፣ ምክንያቱን እየነገረ ፊት ለፊት ያርመዋል። አራሚው ራሱም በተማሪዎቹ ፊት አዲስ ቅኔ መዝረፍ አለበት። ባዶ እጁን የሚፈርድ የለም!

በየክበቡ የምናየውስ? አንድ ልጅ ሌሊቱን ሲያምጥ ያደረበትን ግጥም አሥር ሰው ከብቦ እጅ ያወጣበታል። አንዱ ስንኝ አልጣመም ተብሎ ይወጣል፤ ሌላው ቃል «ይከብዳል» ተብሎ ይለወጣል። የሚተርፈው ማንም ያልጠላው፣ ማንም ያልጻፈው ግጥም ነው። ለምን ሲባል መልሱ «የጋራ ውሳኔ ነዋ!» ደቦ ማሳ ያጭዳል፤ ቅኔ ግን አይቆጥርም።

ቅኔ ቤቱንም ቢሆን ገነት አናድርገው። የመምህሩ ቃል የመጨረሻ ነው፤ አዲስነቱም በአብዛኛው በቃልና በምሥጢር ይቀራል እንጂ የኑሮውን ሥርዓት አይነካም። የካሳ ጣጣም ከዚሁ ይመጣል። ሐሳብ አላነሰውም። ስለ ባላባትና ስለ ገባር ያለውን ሲናገር፣ በፊታውራሪ መሸሻ አገር ከሰብለና ከበዛብህ በቀር ቁም ነገር ብሎ የሚሰማው፣ «እዚህ ጋ አልገጠመም» ብሎ የሚሟገተው አጣ። የሚስቅበት ግን ሞልቷል። ብቸኝነቱን እንደ ጀግንነት የሚያወድሱ ሐያስያን ደራሲው ያሳየንን ጉዳት ይዘሉታል፤ ተከራካሪ ያጣ ሐሳብ በካሳ አፍ እየመረረ፣ ስላቅ እየሆነ ይሄዳል።

ለሚቀጥለው የግጥም ንባብ አንድ ነገር እንጠይቃለን። እጅ ማውጣቱ ይቅር። እንከን አለው የሚል ሰው ገጣሚው ባለበት ምክንያቱን ይናገር፤ የራሱንም አንድ ግጥም ይዞ ይምጣ።