ነፃው ሶፍትዌር ለሙዚቀኛው ለምን ከበደው?

«ነፃ ነው እኮ! ለምን አትቀይሩም?» እኛ ኢንጂነሮች ለሙዚቀኛ ጓደኞቻችን ደጋግመን የምንላት ነገር ናት። ሲያመነቱ ደግሞ «ልማድ ይዟቸው ነው» ብለን እናልፋለን። እኔ ግን ደካማው የእኛ ክርክር ይመስለኛል።

አርዶርን እንውሰድ። ፖል ዴቪስ የጀመረው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የድምፅ መቅጃና ማቀናበሪያ ነው። በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ይሠራል። በጥራት አይታማም፤ ሚክስ ማድረግ በመሠረቱ የየትራኩን ቁጥሮች አባዝቶ መደመር ነው፣ ድምር ደግሞ ውድም ነፃም ሶፍትዌር ላይ ያው ድምር ነው። «ነፃ» የሚለውም ቢሆን መታረም አለበት፦ ነፃው ኮዱ ነው እንጂ፣ ተዘጋጅቶ ከድረ ገጹ ለሚወርደው ሙሉ ቅጂ መጠነኛ ክፍያ ይጠየቃል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? አንደኛው መዘግየት ነው። ኮምፒውተር ድምፅን የሚያስተላልፈው ጠብታ በጠብታ ሳይሆን በጣሳ እየቀዳ ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲወሰድ፣ 256 ናሙና የሚይዝ ጣሳ በ5.3 ሚሊሰከንድ ይሞላል፤ 1,024 የሚይዘው ግን 21.3 ይፈጃል። ይሄ ከ7 ሜትር በላይ ርቆ ከቆመ ስፒከር እንደመስማት ነው፤ ከበሮ መቺውን ያደናግረዋል። ጣሳው ሲያንስ ደግሞ ኮምፒውተሩ ካልፈጠነ ድምፁ ይቆራረጣል። ሊኑክስ ላይ ይህን ለማስተካከል ለዓመታት ጃክ የሚባለውን ሥርዓት መማር ያስፈልግ ነበር፤ ፓይፕዋየር ከመጣ ወዲህ ቀለል ብሏል። ለእኛ ደስ የሚል እንቆቅልሽ ነው። ዘፋኝ ማይክ ፊት ላቆመ አቀናባሪ ግን የባከነ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው የድሮ ሥራ ነው። የአቀናባሪ ፕሮጀክት ውስጥ ያለው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ፕለጊኖች ላይ ያደረገው ማስተካከያ ሁሉ አለ። ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ፕለጊን ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይከፈትም። ትራኮቹን ወደ ድምፅ ፋይል ቀይሮ መውሰድ ይቻላል፤ ግን ያ የተሠራ ወጥ እንደመውሰድ ነው፣ በርበሬውን መልሶ መቀነስ የለም። ደንበኛው ከዓመት በኋላ «ያቺን ዘፈን ትንሽ አስተካክልልኝ» ቢልስ?

ይህ ፍርሃት ግን በሌላ በኩልም ይቆርጣል። የተዘጋ ሶፍትዌር ባለቤቱ ሲተወው ፋይላችሁም አብሮ ሊዘጋ ይችላል። ሰርጅ የተባለው ሲንተሳይዘር ከዚህ ዕጣ የዳነው በ2018 ኮዱ ስለተከፈተ ነው፤ ዛሬ በጎ ፈቃደኞች ሰርጅ ኤክስቲ ብለው እያሳደጉት ነው። የቅኝት ፋይልም ይቀበላል፤ ስለዚህ አንቺሆዬን በፒያኖ 12 እኩል ክፍፍል ሳይሆን ክራራችሁ በተቃኘበት ልክ መጫወት ትችላላችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በአብዛኛው አሁን በምትሠሩበት ሶፍትዌር ውስጥ እንደ ፕለጊን ይገባል። ማንም ቤቱን ልቀቅ አልተባለም።

ስለዚህ «ቀይሩ» ማለቱን እናቁም። የተጀመረው አልበም በጀመረበት ሶፍትዌር ይለቅ። በሚቀጥለው ዘፈን ግን አንድ ትራክ፣ አንድ ብቻ፣ በክፍት መሣሪያ ሞክሩ፤ ከዚያ ጆሯችሁ ይፍረድ።