የቱርቢኒያ ድል የማን ነው? ስለ መርከብ መኪና ትምህርት የቀረበ አጭር ሒስ

የመርከብ ምሕንድስና የሚማር ሰው ገና ከመነሻው ከሚሰማቸው ታሪኮች አንዱ የቱርቢኒያ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩም ባጭሩ እንዲህ ተብሎ ይነገራል። ቻርልስ ፓርሰንስ የተባለው መሐንዲስ በ1884 በእንፋሎት የሚሠራ ተርቢን ሠራ። ቈይቶም ተርቢኑን ቱርቢኒያ በምትባል፤ ርዝመቷ 31 ሜትር ተኩል ያህል በሆነ ትንሽ መርከብ ላይ ተከለው። በ1897 ለንግሥት ቪክቶሪያ የ60 ዓመት የንግሥ በዓል የጦር መርከቦች በስፒትሄድ ተሰልፈው ሳሉ ቱርቢኒያ በመካከላቸው እየከነፈች አለፈች፤ የሚደርስባትም ጠፋ። እንግዲህ ተርቢን ባለ ፒስተኑን መኪና ድል አደረገው፤ ተብሎ ታሪኩ ይዘጋል።

ይህ ታሪክ ሐሰት ነው አልልም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፤ በ1906፤ ድሬድኖት የተባለው ታላቅ የጦር መርከብ በተርቢን የሚነዳ ሆኖ መሠራቱ ለድሉ በቂ ምስክር ነው። ሒሴ ታሪኩ በሚናገረው ላይ ሳይሆን ዘሎት በሚያልፈው ላይ ነው። ተዘሎ የሚታለፈው ክፍል ለተማሪ ዋናው ትምህርት ሆኖ አገኘሁት።

ቱርቢኒያ በ1894 መጀመሪያ ስትፈተን አሳፋሪ ነበረች። አንድ ተርቢንና አንድ ዘንግ ነበራት፤ ፕሮፔለሩ ደጋግሞ ቢለወጥም ፍጥነቷ 20 ኖት ሳይሞላ ቀረ። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ጥፋቱን በአዲሱ መኪና ላይ ማላከኩ አይቀርም ነበር። ፓርሰንስ ግን አስቀድሞ ልኬት ፈለገ። በተርቢኑና በፕሮፔለሩ ዘንግ መካከል የመጠምዘዝን ኀይል የሚለካ መሣሪያ አግብቶ ቢመለከት፤ ተርቢኑ የሚገባውን ኀይል እየሰጠ፤ ፕሮፔለሩ ግን እያባከነው መሆኑን አወቀ። እኔ እንደሚመስለኝ ከስፒትሄዱ ትርኢት ይልቅ ይህች ልኬት ትበልጣለች።

ኀይሉ የት ሄደ? ፕሮፔለር እጅግ ፈጥኖ ሲዞር በክንፉ ጀርባ ያለው የውሃ ግፊት በጣም ዝቅ ይላል። ግፊቱ የተቀነሰበት ውሃ ሳይሞቅ ይፈላል። ነገሩ ለደገኛ እንግዳ አይደለም። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነውና። በክንፉ ጀርባም እንዲሁ ውሃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ አረፋና ባዶ ስፍራ ይሠራል፤ ክንፉም የሚገፋው ውሃ ያጣል። ካቪቴሽን የሚባለው ይህ ነው። ፓርሰንስ በ1895 መስኮት ያለው ትንሽ መፈተኛ ገንዳ ሠርቶ፤ አየሩን በመምጠጫ ቀንሶ፤ አረፋውን በዐይኑ ተመለከተ። ከዚያም አንዱን ተርቢን በሦስት፤ አንዱን ዘንግ በሦስት ለወጠ፤ በያንዳንዱም ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ፕሮፔለር አደረገ። ቱርቢኒያ ከ34 ኖት በላይ የሮጠችው ከዚህ በኋላ ነው።

የታሪኩ ሁለተኛ ጉድለት እዚህ ላይ መቆሙ ነው። ዘጠኝ ፕሮፔለር መደርደር ለችግሩ ማስታገሻ እንጂ መድኀኒት አልነበረም። ተርቢን በፍጥነት ካልዞረ እንፋሎት ያባክናል። ፕሮፔለር ግን ብዙ ውሃ በዝግታ ቢገፋ ይሻለዋል እንጂ ጥቂት ውሃ በኀይል ቢወረውር ያከስራል። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ላይ በቀጥታ ሲታሰሩ አንዱ ሌላውን ይጎዳል። ይህን ያስታረቀው ማርሽ ነው። ፓርሰንስ ቬስፔዥያን የምትባል አሮጌ የጭነት መርከብ ገዝቶ በ1909 በነባሩ ባለ ፒስተን መኪናዋ ፈተናት፤ በኋላም መኪናውን አውጥቶ ባለ ማርሽ ተርቢን አገባላት። ፕሮፔለሩን አልለወጠም። የከሰል ፍጆታዋ ከመቶ 15 ያህል ቀነሰ። ይህች ዝግተኛ የጭነት መርከብ በንጉሣዊ ሰልፍ መካከል ስላላለፈች ስሟን የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ ለተማሪ ግን ትምህርቷ ከቱርቢኒያ አያንስም።

ይህን ሁሉ የምለው የድሮ ታሪክ ለማረም ብቻ አይደለም። ታሪኩ መኪናውን ብቻ ጀግና ሲያደርገው ተማሪውም መኪናውን ብቻ ያጠናል። እኔ ራሴ የሲሊንደርና የፒስተን ሥዕል ስስል ብዙ ሌሊት አሳልፌ፤ ፕሮፔለሩን ከመርከቡ በስተኋላ የተንጠለጠለ ጌጥ አድርጌ እቈጥረው ነበር። ዛሬ ታላላቆቹን የጭነት መርከቦች የሚነዱት ዲዝል ሞተሮች በደቂቃ 100 ዙር ገደማ ወይም ከዚያ በታች እየዞሩ ከፕሮፔለሩ ጋር ያለ ማርሽ በቀጥታ የሚያያዙት ለምን እንደ ሆነ የገባኝ የቬስፔዥያንን ነገር ከተረዳሁ ወዲህ ነው። ሞተሩ ዝግተኛ የተደረገው ለፕሮፔለሩ ሲባል ነው።

አገራችን ከ1993 ጀምሮ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ መሐንዲሶች ይሠለጥናሉ። የጣና ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፤ በላዩ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ጥልቀትና ፍጥነት እኩል ቢሆኑ፤ ፕሮፔለር በጣና ላይ ካቪቴሽን የሚጀምረው ከባሕር ላይ ቀድሞ ነው። ከባሕር ርቀናል ብለን የምናዝን ተማሪዎች ፓርሰንስ በመምጠጫ የፈለገውን ዝቅተኛ ግፊት በከፊል ከደጃችን እናገኘዋለን ማለት ነው።

ስለዚህ የቱርቢኒያን ታሪክ የሚያስተምር ሁሉ ከ1897 ሳይሆን ከ1894 ቢጀምር እመርጣለሁ። ድሉ የተርቢኑ ብቻ አይደለም፤ ከመፍረዱ በፊት የለካው ሰውም ድርሻ አለበት። ባሕር ላይ መርከብ ሲዘገይ ጥፋቱን ወዲያው በሞተሩ ላይ የሚጥል መሐንዲስ ደኅናውን ሞተር ሲፈታ ሊውል ይችላል፤ የታመመው ግን ከውሃው በታች ያለው ነው።