የቀኙ ወንበር

ጎበዝ ሾፌር ሁሉ ጎበዝ አሰልጣኝ አይወጣውም። ዓመታት አይሱዙ የነዳ ሰው እግሩ የሚያውቀውን አፉ አያውቀውም፤ ፍሪሲዮን እንዴት ይለቀቃል ብትሉት ለቆ ያሳያችኋል እንጂ አይነግራችሁም። ለአሰልጣኝነት ስዘጋጅ የከበደኝም ይኸው ነበር። «ቀስ ብለህ ልቀቅ» ማለት ምንም አያስተምርም። «የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ እግርህን እዚያው ያዝ» ሲባል ግን ተማሪው የሚያዳምጠው ነገር ያገኛል።

የማሰለጥንበት ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚቀንስ፣ ዳገት ላይ ሞተር የሚጠፋበት ለማጅ ጥፋቱ ሁሉ የራሱ አይደለም። የሚያሳስበኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ወደ ፃግብጂ ሲወረድ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ ማድረግ ብዙ ሾፌር የሚመካበት ልማድ ነው። በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነዳጁን ራሱ ይቆርጣል፤ ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ ይጠጣል። ቁጠባ የለም ማለት ነው። ያለ ማርሽ የሚወርድ መኪና ክብደቱን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥላል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረግጡትም አይይዝም። ስለዚህ ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሹ እሺ ብሎ አይገባም።

ሥራው ሰዓቱ ይመቻል ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ሰዓቱን የሚቆርጠው ተማሪው ነው፦ መምህሩ ከክፍል በኋላ፣ የቢሮ ሠራተኛው ከሥራ በፊት፣ ገበሬው አዝመራው ከገባ በኋላ ይመጣል። በመካከሉ ያለውን ባዶ ጊዜ በባጃጅ የሚሞላ አሰልጣኝ አለ፤ አልፈርድበትም፣ ደክሞ ካልመጣ። መንጃ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት በተሽከርካሪ ዓይነት ስለሚከፋፈል፣ ከአንድ ዓይነት በላይ ማሰልጠን የሚችል ሰው ሥራ አይጠፋበትም።

ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ከዞረች ወዲህ መሪው በግራ፣ አሰልጣኙ በቀኝ ነው። እግሬ ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ። ቶሎ ከረገጥኩት ተማሪው የኔን እግር ይጠብቃል፤ ከዘገየሁ ገደሉ አይጠብቀንም። በኽምጣና አፉን የፈታ ተማሪ ደግሞ ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋበታል። ስለዚህ ዳሽቦርዱን ሁለት ጊዜ ከመታሁ «ፍሬን» ማለቴ ነው። ሞተር ሳናስነሳ፣ ቆመን እንለማመደዋለን።