መጽሐፉ ጣት ያስተምራል፤ ጆሮስ?

ራስን በራስ ማስተማሪያ መጽሐፍ ከመጻሕፍት ሁሉ ደፋሩ ነው። ልብ ወለድ ሊያዝናናን፣ ታሪክ ሊያሳውቀን ይሞክራል፤ ይኸኛው ግን «መምህር አያሻህም፣ እኔ እበቃሃለሁ» ብሎ ይጀምራል። እንግሊዛዊው በርት ዊደን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው የጊታር መማሪያ ርእሱ ራሱ «በአንድ ቀን ተጫወት» የሚል ነበር። በአንድ ቀን የተጫወተ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይሁንና መጽሐፉ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ፖል ማካርትኒንና ኤሪክ ክላፕተንን የመሰሉ ሰዎችም በልጅነታቸው ገልጠውታል። እንግዲህ በድፍረቱ ስቀን ብቻ ልናልፈው አንችልም።

እዚህ ላነሣቸው የፈለግሁት የዚሁ ዘር የሆኑትን፣ ጊታርን በመምቻ ሳይሆን በጣት መጫወት የሚያስተምሩትን መጻሕፍት ነው። በእኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ በፎቶ ኮፒ ተባዝተው፣ ሽፋናቸው ጠፍቶ፣ ደራሲያቸው ሳይታወቅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። አንዱን ቅጂ ያገኘሁት መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ነው። ጥያቄዬም የመጣው ከዚያ ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲጻፍ ደራሲው ጨርሶ ያላሰበው አንባቢ እጅ ቢገባ ምን ያስተምራል? ምንስ ያስቀራል?

በቅድሚያ የሚያስተምረውን። መጽሐፉ ጣቶችን በስም ይጠራል፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት። ማርያም ጣት ሥራ የላትም። አውራ ጣት ሦስቱን ወፋፍራም ክሮች ይይዛል፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች ይከፋፈላሉ። ከዚያ በኋላ ድግግሞሽ ነው። ጣሊያናዊው ማውሮ ጁሊያኒ እ.ኤ.አ. በ1812 ቪየና ላይ ባሳተመው ሥራው ለቀኝ እጅ ብቻ 120 ልምምዶችን ደርድሯል፤ የግራ እጅ ግን ከዳር እስከ ዳር በሁለት ኮርዶች መካከል ከመመላለስ በቀር ሌላ ሥራ አልተሰጠውም። ዛሬም ያሉት መጻሕፍት ከዚህ ብዙ አልራቁም። እንደኔ እንደኔ የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ትልቁ ሙያ ትዕግሥቱ ነው። ሰው መምህር በአርባኛው ስሕተት ላይ ፊቱን ያጠቁራል፤ ገጽ 14 ግን ምን ጊዜም ያው ገጽ 14 ነው።

ሌላም ውለታ አለው፤ ይህን ከተማ ላይ ሆኖ መገመት ያስቸግራል። በላሎም ሆነ በማማ፣ በጌራም ሆነ ከዚያ ማዶ በግሼና በመርሐቤቴ፣ ሙዚቃ መሣሪያ ማንሣት ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው፤ አዝማሪነትም በቤተሰብ የሚወረስ እንጂ የገበሬ ልጅ የሚመርጠው ሙያ ተደርጎ አይታይም ነበር። በገና የካህናትና የመኳንንት ነው፤ ክራር ደግሞ የጠጅ ቤት ስም አለበት። ከመምህር እግር ሥር መቀመጥ ማለት በመንደር ፊት «እኔ እንዲህ ልሆን ነው» ብሎ ማወጅ ነበር። መጽሐፍ ግን ማንንም አይጠራም። መሐል ሜዳ ያገኘሁት ወጣት ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ክሩን በስሱ እየነካ ሁለት ዓመት እንደተለማመደ ነግሮኛል። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ብርድ ጣት እሺ አይልም፤ የብረት ክርም በውርጭ ሲኮማተር ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፣ ምድጃ ሲጠጋ ደግሞ ይወርዳል። ይህን የሚናገር ገጽ የለም። ግን መጽሐፉ ባይኖር ኖሮ ጅምሩም ባልኖረ ነበር። ስለዚህ ወቀሳዬን ስቀጥል ይህ ውለታ እንዲታሰብልኝ እፈልጋለሁ።

ወቀሳዬ የሚነሣው ከጣት አይደለም ብል ትክክል አይሆንም፤ ከጣትም ይነሣል። አማርኛ ማሲንቆ ይመታል፣ ክራርን ይመታል ወይም ይገርፋል፣ በገናን ግን ይደረድራል። መጽሐፉ በብዙ ገጽ የሚያብራራውን ስልት ቋንቋችን ከጥንት ጀምሮ በአንድ ግሥ ለይቶ ይዞታል፤ እያንዳንዱ ክር በየራሱ ጣት፣ በተራው። የበገና ደርዳሪ የሚጠቀመው ግን በግራ እጁ ነው። ክራርን በጣት የሚጫወትም እንደዚሁ ግራ እጁን ከክሮቹ ጀርባ ያሰልፋል፤ አምስት ጣት ለአምስት ወይም ለስድስት ክር ስለሚደርስ ማርያም ጣትም ድርሻ አላት። እንግዲህ አጎቱ ክራር ሲጫወት እያየ ያደገ ልጅ ጊታር ሲያነሣ የተማረው እጁ ሥራ ፈት ይሆናል፣ ያልተማረው እጁ ሹመት ያገኛል ማለት ነው። መጽሐፉ ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ያልፈዋል።

ሕግ አለመሆኑን ግን ከመጽሐፉ አገር ራሱ ማስረጃ ማቅረብ ይቻላል። የሰሜን ካሮላይና ተወላጅዋ ጥቁር አሜሪካዊት ኤሊዛቤት ኮተን ግራኝ ነበረች። ያለ አስተማሪ፣ ያለ መጽሐፍ፣ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጣ ይዛ ተማረች። በዚህም ምክንያት ወፍራሙን ክር ጣቷ፣ ዜማውን አውራ ጣቷ ይጫወተው ነበር፤ መጽሐፉ ከሚያዘው ፍጹም ተቃራኒ። ዛሬ የእሷ አጨዋወት በስሟ የሚጠራ ስልት ሆኖ በማስተማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል። የተገለበጠው ግን ተመልሶ ቀንቶ ነው የተጻፈው!

ሁለተኛው ነገር መጽሐፉ አባቶቹን መደበቁ ነው። ከሁሉም የጣት ስልቶች በብዛት የሚታተመው በሜርል ትራቪስ ስም የሚጠራው ነው፤ አውራ ጣት በሁለት ወፍራም ክሮች መካከል ይመላለሳል፣ ሌባ ጣት ዜማውን ይለቅማል። በገጹ ላይ ሲታይ ከሒሳብ ሠንጠረዥ የወጣ ይመስላል። ነገር ግን ትራቪስ ይህን ያገኘው በኬንታኪ የከሰል ማዕድን አካባቢ ሞዝ ሬገርና አይክ ኤቨርሊ ከሚባሉ ማዕድን ቆፋሪዎች አጠገብ ቁጭ ብሎ ነው። እነሱም ከሌላ፣ ያም ሌላው አርኖልድ ሹልትዝ ከተባለ ጥቁር ጊታር ተጫዋች። ሰንሰለቱ የሰው ነው። ዓለሙ አጋ በልጅነቱ እንጦጦ ላይ በገናን ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ሲማር የነበረውም ሰንሰለት ያው ነው። አሥሩ የበግ አንጀት አውታሮች በጣት ሲደረደሩ ሁሉም አይነኩም፤ ከፊሎቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ጥቂት ፈቀቅ ካለች ያ የሚያውቁት ንዝረት ይጠፋል። የቱ ጋ ስትሆን ልክ እንደሆነች በሴንቲ ሜትር አይነገርም፤ ያ ድምፅ አንድ ጊዜ ጆሮ የገባ ሰው ብቻ ያውቃታል።

አንባቢ «ታዲያ ጽሑፍ ዋጋ የለውም ልትለን ነው?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። የራሳችንን ድጓ እንመልከት። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶቹን ያዘጋጁት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንደሆነ ይነገራል። በዚያው መቶ ዓመት መባቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1507፣ ቬኒስ ላይ ፔትሩቺ የዛሬው የጊታር ታብላቸር አባት የሆነውን የሉት ጽሑፍ ማተም ጀምሮ ነበር። ሁለቱም ድምፅን ወረቀት ላይ ማሰር ነው፤ ዓላማቸው ግን ለየቅል ነው። የድጓው ምልክት ዜማውን ከመምህሩ አፍ ለተቀበለ ተማሪ ማስታወሻ ነው፤ ሰምቶ የማያውቅን ሰው አስተምራለሁ አይልም። ታብላቸር ደግሞ ለማያውቅ ሰው ጣትህን እዚህ አድርግ ይለዋል፤ ምን ሊሰማ እንደሚገባው ግን አይነግረውም። የመጽሐፉ ደራሲ ይህ አላሳሰበውም። ለምን ያሳስበዋል? አንባቢው ዜማዎቹን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሬዲዮና በቤተ ክርስቲያን ሰምቷቸው አድጓል። ጆሮው ቀድሞ ተሠርቶለታል።

የመሐል ሜዳው ወጣት ጆሮም ተሠርቷል፤ በሌላ ቤት። ገጾቹን እስከ መጨረሻው ከተወጣ በኋላ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ጋሼ፣ ሁሉንም እችለዋለሁ፣ ትዝታ ግን ለምን እምቢ ይለኛል?»

ለምን እንደሆነ በጣት ማሳየት ይቻላል። መጽሐፉ መጀመሪያ የሚያስተምራቸው ሦስት ኮርዶች ጂ፣ ሲ እና ዲ ናቸው። ከሶል የሚነሣ ሜጀር ትዝታ አምስት ድምፆች ብቻ አሉት፤ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ጂ ኮርድ በእነዚህ ውስጥ ያድራል። ሁለተኛው ኮርድ ግን ዶን፣ ሦስተኛው ፋ ዲየዝን ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም ለዚህ ትዝታ ባዳ ናቸው። ወጣቱ ጣቱን በትክክል ባሳረፈ ቁጥር ጆሮው «ውሸት ነው» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ጆሮውን ሳይሆን ራሱን ይጠረጥራል። ከዚህ የከፋ ጉዳት አንድ መማሪያ መጽሐፍ ሊያደርስ አይችልም።

የሚያስቆጨው መፍትሔው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ጊታር እንደ ወትሮው ሲቃኝ ስድስቱ ክሮች ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። እንደገና ይነበቡ። እነዚያው አምስቱ የትዝታ ድምፆች ናቸው እኮ! ግራ እጅ የጊታሩን አንገት ሳይነካ፣ ክሮቹ ባዶአቸውን፣ ሜጀር ትዝታ እዚያው ተኝቷል። ተራቸው እንደ ክራር አይደለም፣ ይዘለላል፤ ግን ለመደርደር የሚያስፈልገው ይኸው ነው። መጽሐፉ በዚህ ፈንታ በመጀመሪያው ትምህርት ሦስት ጣት አንገቱ ላይ አስጨንቆ ሲ ኮርድን ያስይዛል፤ የጀማሪን ጣት የሚያቆስለውም ይኸው ነው።

ወደ ቅኝትም እንምጣ። አማርኛ ክር ማስተካከልንና የዜማውን ዓይነት በአንድ ቃል «ቅኝት» ይላቸዋል፤ ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ሊሻገር ሲል ክሩን ይቃኛልና። በጊታሩ መጽሐፍ መቃኘት ከገጽ አንድ በፊት የሚያልቅ የቤት ጽዳት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይነሣም። የሚኒሩን ትዝታ የሚፈልግ ሰው ሲን በግማሽ ድምፅ፣ ሁለቱን ሚዎች እንዲሁ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢያደርግ ይበቃዋል። ሦስት መቃኛ ነው። ያኔ ጁሊያኒ የጻፋቸውን የቀኝ እጅ ልምምዶች እንዳሉ፣ አንድም ጣት ሳይቀይር፣ ግራ እጁን ከአንገቱ ላይ አንሥቶ በባዶ ክሮቹ ላይ ሊደረድራቸው ይችላል፤ የሚሰማው ግን የቪየና ድምፅ አይሆንም። አንቺ ሆዬ ከዚህ የጠነከረ ሥራ ይጠይቃል። ለወጣቱ በዚያ ምሽት ያሳየሁት ሦስቱን መቃኛዎች ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒውን ገልብጦ፣ ባዶ በሆነው ጀርባው ላይ፣ የክሮቹን ስም በእርሳስ ጻፈ።