ከ«ቢሉ» ወደ «በሉ»፦ የመጽሐፍ ንባብ በኮልፌ 18 ማዞሪያ

ከ18 ማዞሪያ ወደ መርካቶ በሚጭን ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ጥቅስ ያነባል። ከሹፌሩ ራስ በላይ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ መዝሙር 90 ነው፤ ወይም 91። ቁጥሩ ራሱ ወሬ ነጋሪ ነው። ዳዊት ሲደግም ያደገ 90 ይላል፤ በ1993 ዓ.ም. የወጣውን አዲሱን መደበኛ ትርጉም የያዘ 91 ይላል። መዝሙሩ ያው አንድ ነው። ቀጥሎ ተራ በያዘው መኪና መስታወት ላይ ደግሞ የቁርኣኑ አየተል ኩርሲ ይወዛወዛል። ኮልፌ እንዲህ ናት።

ስለ መኪናና ስለ ሱቅ ጥቅስ ሁለት ወገን ሲናገር እሰማለሁ። አንዱ የሕዝብ ጥበብ ነው ብሎ ይሰበስበዋል፤ ከታክሲ ላይ እየለቀመ ያሳትመዋል፣ ያደንቀዋል። ሌላው የሰባክያን ወገን ነው፤ ክታብ ነው፣ ቃሉን በቆዳ ሰፍቶ አንገት ላይ ከማሰር በምን ይለያል ይላል። የመጀመሪያው ወገን ያለ ልክ አወደሰው። ሁለተኛው ግን የገዛ ልጁን ካደ። ጥቅሱን ከምዕራፉ ቆርጦ፣ ከታሪኩ ለይቶ፣ «ይህ ቃል ለአንተ ነው» ብሎ ለሰሚው ማደልን ሹፌሩ የተማረው ከመድረክ ነው። የሹፌሩ ድርሻ መለጠፉ ብቻ ነው።

መጽሐፍን ወደ ኑሮ ማምጣት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የክፍለ ከተማችን ስም እንኳ የዚሁ ሥራ ውጤት ነው። «ኮልፌ ቀራንዮ» የሚለው ስም ሁለተኛ ቃሉ ከወንጌል የመጣ ነው፤ ከኢየሩሳሌም ውጭ የነበረው የራስ ቅል ስፍራ በመድኃኔ ዓለም ስም ከአዲስ አበባ ምዕራብ ተተክሎ ቀበሌና መታወቂያ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ የምጠይቀው መጽሐፉ ወደ ሰፈር በምን ስልት እንደሚገባ ነው። ለዚህ ሥራ የተበጀ፣ ለረጅም ዘመን በጉባኤ ቤት የተፈተነ ስልት ነበረን፤ አሁን የምናየው እንደ ሙዚየም ዕቃ ነው። አንድምታን፣ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤት የሚሰጠውን የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ ማለቴ ነው።

ስለ ጎንደሩ የትርጓሜ ጉባኤ፣ ስለ መምህሩ ስለ ኤስድሮስ፣ ትርጓሜው ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ስለ መለያየቱ ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም። የውጭ ሰዎችም ጽፈውበታል፤ ሮጀር ካውሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። የሚበዛው ጥናት ግን የሚያተኩረው በምንጭ ላይ ነው፦ ይህ ከዮሐንስ አፈወርቅ መጣ፣ ያ ከሶርያ መጣ። እኔን የሚገርሙኝ ሁለት ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ እነርሱም «አንድም» እና «ቢሉ»።

በመንገድ አማርኛ «አንድም» የሚያስመርጥ ቃል ነው። ወያላው «አንድም ክፈል፣ አንድም ውረድ» ሲል ከሁለቱ አንዱን እንጂ ሁለቱንም ማድረግ አይቻልም። በጉባኤ ቤት ግን ይኸው ቃል ተቃራኒውን ይሠራል። መምህሩ ንባቡን በግእዝ ካሰሙ፣ በአማርኛ ከፈቱ በኋላ «አንድም» ሲሉ የፊተኛው ፍች አይሻርም፤ በቦታው እንደተቀመጠ ሌላው ይጨመርበታል። ደግሞም ልብ በሉ፤ «ሁለትም»፣ «ሦስትም» አይባልም። ሁልጊዜ «አንድም» ነው። አምስተኛው ፍች እንደ መጀመሪያው አዲስ ሆኖ ይገባል፤ የመጨረሻ የሚባልም የለም። የሚቆጠር ቢሆን ኖሮ የሚዘጋ ይሆን ነበር።

«ቢሉ» ደግሞ ባለቤት የሌለው ጥያቄ ነው። «ስለምን ቢሉ»፣ «እንደምን ቢሉ» እያለ ሐተታው ይሄዳል። እነማን ናቸው «ቢሉ»? ተማሪው ነው? መናፍቁ ነው? ከደጀ ሰላም የቆመው ገበሬ ነው? አይነገርም። ጠያቂው ስም የለውምና አያፍርም፤ ጥያቄው ግን በመጽሐፉ ውስጥ ቋሚ ወንበር አለው። መልሱ ሲመጣ «ማለት ነው»፣ «ሲል ነው» ተብሎ ይታሰራል፤ ገና ሳይደርቅ ሌላ «ቢሉ» ይከተላል። ጥርጣሬን ያላባረረ፣ አስገብቶ ያስቀመጠ የማስተማር ዘዴ ነው።

ዛሬ በድምፅ ማጉያ የምንሰማው ቃል ከዚህ በአንዲት ፊደል ይለያል። «አሜን በሉ!» «እልል በሉ!» ይላል። ከ«ቢሉ» ወደ «በሉ»፤ ሣልሱ ግእዝ ሲሆን ጠያቂው ታዛዥ ሆነ። ይህ በአንድ ቤተ እምነት ላይ የሚጣል ነቀፋ አይደለም፤ በኮልፌ የየትኛውንም አዳራሽና የየትኛውንም ዐውደ ምሕረት ማጉያ ያደመጠ ይመሰክራል። ሰባኪው ጥያቄ ቢያነሣ እንኳ መልሱ እልልታ ነው፤ «ለምን?» ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ንባቡና «ቢሉ» የተለያዩት በስንፍና ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ የኅትመት ታሪክም አለበት። ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ በካይሮ የተረጎመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የገዛው የብሪታንያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር መጽሐፉ ያለ ማስታወሻና ያለ ሐተታ ይታተም የሚል የጸና ደንብ ነበረው። ወንጌሉ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 በዚሁ ደንብ ወጣ። እስከዚያ ድረስ በጉባኤ ቤት ግእዙ ንባብ፣ አማርኛው ትርጓሜ ነበር። አማርኛ ማለት ራሱ የማብራሪያ ቋንቋ ነበር። ታትሞ በመጣው መጽሐፍ ግን አማርኛው ከተርጓሚነት ወደ ንባብነት ተሾመ፤ በለቀቀው ወንበር የተተካ የለም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ በየቤቱ ሲገባ ብዙ ሰው ቃሉን በእጁ ያዘ፤ ያስደስታል። «ቢሉ» ግን አብሮ አልታተመም። አንድምታውም በበኩሉ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ ሆኖም ንባቡ ከነትርጓሜው የተጠረዘውን ትልቅ ጥራዝ ሹፌር ከራሱ በላይ አይለጥፈውም።

ስልቱ በኑሮ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ያገኙትን ሰው እናንሣ። የአበው ትርጓሜ የታወቀ ነው፦ ቁስለኛው አዳም ነው፤ ደጉ ሳምራዊ ጌታ፣ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ። ይህ ፍች ብቻውን ሲቆም አደገኛ ይሆናል። ቁስለኛው አዳም ከሆነና አዳምም ከዳነ፣ ዛሬ ጠዋት አደባባዩ ጥግ ካርቶን ላይ የተኛው ልጅ ማን ሊባል ነው? ምሥጢሩ ግዴታውን ይውጠዋል። በአንጻሩ ግዴታው ብቻውን ሲቆም ታሪኩ የመንገድ ደኅንነት ማስታወቂያ ይመስላል። «አንድም» ሁለቱን በአንድ ገመድ ያስራቸዋል፦ ቁስለኛው አዳም ነው፤ አንድም ካርቶን ላይ የተኛው ነው፤ አንድም፣ ይህን ስጽፍ የታየኝ፣ አይቼው ለሥራ የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

አንድምታን ስወድ ጉድፉን አልደብቅም። ቁጥር ሲያገኝ ማለፍ አይችልም፤ አምስት ሲባል አምስት ነገር፣ ሰባት ሲባል ሰባት ነገር ሳይፈልግ አይተኛም። አንዳንዴ አራት ፍች ደርድሮ የትኛው እንደሚጠና ሳይነግረን ይሄዳል። ተማሪውም በቃል ሊይዘው እንጂ ሊጨምርበት አይደፍርም፤ ክፍት ሆኖ የተሠራ ቤት በጥበቃ ብዛት ተዘጋ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ግን በጥቅስ ላይ ካለው ባዶነት የቁጥሩን ትርፍ እመርጣለሁ።

ባዶነት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤርምያስ 29 ቁጥር 11ን የማያውቅ የለም። በምርቃት ኬክ ላይ፣ በሠርግ ጥሪ ላይ፣ በሱቅ ግድግዳ፣ ባሕር ማዶ ባሉ ወገኖቻችን ሳሎን ውስጥ በፍሬም ተሰቅሎ ይገኛል። መልካም መጪ ዘመን የሚያበሥር ቁጥር ነው። ነገር ግን ከደብዳቤ የተቆረጠ ነው፤ ደብዳቤውም የተጻፈው ወደ ባቢሎን ተማርከው ለተወሰዱ ሰዎች ነው። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ቢያነቡ ተስፋው ከ70 ዓመት በኋላ እንደሆነ ይናገራል፤ ደብዳቤውን የተቀበለ ጎልማሳ ፍጻሜውን በዓይኑ አያይም ማለት ነው። ወደ ላይ ትንሽ ቢቀጥሉ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ የሚል ትእዛዝ አለ። ቁጥር 7 ላይ ደግሞ ምርኮኞቹ የተማረኩባትን የባዕድ ከተማ ሰላም እንዲሹና እንዲጸልዩላት፣ ሰላማቸው በእርሷ ሰላም እንደሆነ ተጽፏል። በ18 ማዞሪያ ጥቅስ ሳነብ ዓመታት አልፈዋል፤ ቁጥር 7ን ተለጥፎ አላየሁም። አዛኑና ቅዳሴው በአንድ ንጋት በሚሰሙበት፣ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ድንኳን ተክለው በሚላቀሱበት ሰፈር ከዚያ ምዕራፍ መመረጥ የነበረበት የቱ ነው? ግን ቁጥር 7 ሥራ ያዝዛል፤ ቁጥር 11 ስጦታ ይሰጣል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ከሳህን ላይ ተጠቅልሎ የሚነሣው «የዓመቱ ቃል»ም ስጦታ ነው እንጂ ዕዳ ሆኖ ሲወጣ አልሰማሁም። ዕጣው ውስጥ ተግሣጽ ስለማይከተት ነው።

ይህን ያህል ከተናገርኩ በኋላ የሰማሁትን አንድ ነገር ካልነገርኩ እዋሻለሁ። ከአጠና ተራ የተሳፈሩ አንድ እናት ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ቁልቁለቱን ሲለቀው ከራሱ በላይ ያለውን መዝሙር ቀና ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይኼ የለጠፍከው እኮ እግር ነው የሚለው፤ ጎማ አይልም» አሉት። ወያላው ተቀብሎ፣ «እማማ፣ ያኔ ጎማ መቼ ነበረ?» አለ። እርሳቸውም «ሰረገላ ነበራ!» አሉ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሹፌሩም ሳቀ፤ እየሳቀ ግን ፍሬን ያዘ።

እኚህ እናት የጉባኤ ቤት ደጅ ረግጠው ላያውቁ ይችላሉ። የሠሩት ግን ሐተታ ነው፤ ጥቅሱን ለባለቤቱ በጥያቄ መለሱለት። እንዲያውም በማቴዎስ 4 ይህንኑ መዝሙር ከቦታው ነቅሎ በሌላ ሰው ላይ የጠቀሰው ማን እንደነበር ለሚያስታውስ፣ ጠንቀቅ ማለታቸው የሊቅ ጠባይ ነው፤ ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ ጠባቂ አለህ ያለው ፈታኙ ነበር። ሰረገላም ሲሉ ሳያስቡት በትውፊታችን የአገራችን ሰው የሚባለውን አንባቢ አነሡ። በሐዋርያት ሥራ 8 የህንደኬ ጃንደረባ በሰረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ነበር፤ ፊልጶስም የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ሲጠይቀው የመለሰው «አሜን» አልነበረም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ ነበር። ከዚያም አስወጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው። እዚህ ላይ ከፍ ብዬ ያልኩትን ላለዝበው እገደዳለሁ፦ ጥቅሱ ባይለጠፍ ኖሮ እኚህ እናት በምን ላይ ይጠይቁ ነበር?

ከማዞሪያው ገባ ብሎ አንድ ሱቅ አለ። በመደርደሪያው አናት ኤርምያስ 29፥11 በወርቃማ ፊደል ተለጥፏል፤ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ» ተብሎ ተጽፏል። ለረጅም ጊዜ ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን መሳቂያ አድርጌው ነበር። በኋላ ስለዚያው ስለ ደጉ ሳምራዊ ሳስብ ማንም ሰባኪ የማያነሣው ሰው ታየኝ፦ የማደሪያው ጠባቂ። ሁለት ዲናር ተቀብሎ፣ ትርፉን ስመለስ እከፍልሃለሁ የተባለ ሰው ነው፤ በሌላ አነጋገር የማያውቀውን መንገደኛ በዱቤ አስታመመ። ባለፈው ሳምንት ስኳር ልገዛ ስገባ አንዲት የሠፈር ልጅ ዘይት ይዛ ሳትከፍል ወጣች። ባለሱቁ ምንም አላለም፤ ከባንኮኒው ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተር አውጥቶ የእናቷን ስም ጻፈ።