የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አሳብ ስለ አገር መከላከል

ከማንም ኃያል መንግሥት ጋር ሳይወግኑ፥ ሆኖም በገዛ ጦር ታጥቆና ተጠንቅቆ መኖር የታጠቀ ገለልተኝነት ይባላል። ስዊስ በዚህ መንገድ እንድትኖር ኃያላን እ.ኤ.አ. በ1815 ስላጸደቁላት ነገሩ የአውሮፓ ብቻ ይመስላል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን ስም ባይሰጡትም፥ በ1904 ዓ.ም. የወጣው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» እና ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ወደዚሁ አሳብ የሚያደርሱ ሆነው አግኝተናቸዋል።

የመጀመሪያው ጽሑፍ የወጣበትን ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በ1899 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ ያላቸውን ጥቅም በውል ተከፋፍለው ነበር፤ አጤ ምኒልክም በደዌ ተይዘው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሦስቱ ወደ አንዱ መጠጋት መዋጥ ነው። ደራሲው ግን ጠመንጃ ይብዛ በማለት አልጀመሩም። ግብሩ የታወቀና የተወሰነ እንዲሆን፥ ወታደሩ ደመወዝ ተቆርጦለት በአዲስ ሥርዓት እንዲማር፥ ገንዘቡና ቀረጡ ሥርዓት እንዲይዝ፥ ትምህርት እንዲስፋፋ ይመክራሉ። በባላገር ቤት ገብቶ የሚበላ ወታደር አገሩን ከጠላት ቢያድን እንኳ መልሶ የሚያደኸያት እርሱ ነውና።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ነጋድራስ ጦርን ንቀው መጽሐፍን አነሡ ይላሉ። ይህ አነባበብ ስሕተት ነው እንላለን። ወደ አራዳ ወጥቶ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመውን፥ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀውን የአጤ ምኒልክን ሐውልት ያየ ሰው የዐድዋን ጀግንነት ያስባል፤ የሚገባም ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያም ይህንኑ ያጸናል። ነገር ግን በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተተኮሰው ጠመንጃ የተገኘው ሻጮቹ እርስ በርሳቸው ሲቀናቀኑ ነበር፤ ኢጣልያ ራስዋ እንኳ በውጫሌ ውል ዘመን መሣሪያ ሰጥታለች። በ1927 ዓ.ም. ግን እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። በገዛ ፋብሪካዋ የምትሠራው ኢጣልያ ምንም አልጎደለባት፤ የተጎዳችው ኢትዮጵያ ናት፤ ያውም የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና 12 ዓመት ሊሞላት ሲል። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት በዚያው ዓመት ተከፍቶ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በመስከረም 1928 ጦርነቱ መጣ። ምክሩ ከተጻፈ 23 ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

በበኩላችን የምንነቅፈው ሌላ ነገር ነው። ነጋድራስ ምክራቸውን ያቀረቡት ለቤተ መንግሥት፥ ተስፋቸውንም የጣሉት በልጅ ኢያሱ ላይ ነው። ወታደሩ ደመወዝተኛ ቢሆን ግን ገባር የተሰጣቸው መኳንንትና የጦር አለቆች ጥቅማቸው ይቀርባቸዋል፤ ጠመንጃውም ያለው በእነርሱ እጅ ነው። የታጠቀውን ሰው ማን ያስተወዋል? ይህን ጥያቄ ደራሲው ፊት ለፊት አልገጠሙትም። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ከሥልጣን ሲወርዱም ምክሩ ባለቤት አጣ።

(የመሣሪያው ችግር ከዚያም ወዲህ አልቀረም። በ1969 ዓ.ም. አሜሪካ መሣሪያ መስጠት ስታቆምና የሶማሊያ ጦር ሲገባ፥ መንግሥቱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ። ሻጩ ተለወጠ እንጂ ገዢነቱ አልተለወጠም።)

በሁለተኛው መጽሐፋቸው ስለ ጦር ከመናገር ይልቅ ስለ ሥራ፥ ስለ ንግድና ስለ ገንዘብ ያበዙት ምናልባት ስለዚህ ይሆናል። ጥሬ ዕቃ እየሰጠ በጥበብ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ከጥበበኛው ሕዝብ እጅ እንደሚወድቅ በሰፊው ያስረዳሉ። ከዚያ የተሠራ ዕቃ ውስጥ ጠመንጃን የቆጠርነው እኛ ነን።