ገመና የማይሸፍን ኮፈን

የመኪና ኮፈን ገመና ከታች ነው። ዘይት የሚያንጠባጥበው ሞተር፣ በሽቦ የታሰረው ቱቦ፣ መካኒኩ «ለጊዜው ይሁን» ብሎ የተወው ሁሉ ከሥሩ ተሸሽጎ ይኖራል። ታዲያ ይህን ክዳን ውስጡን በሚያሳይ ነገር የሚሠሩት ምን ፈልገው ይሆን?

እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ጄኔራል ሞተርስ አንድ ፖንቲያክ አቅርቦ ነበር። ከኮፈኑ ጀምሮ የውጭ አካሉ በፕሌክሲግላስ የተሠራ በመሆኑ «የሙት መንፈስ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የውስጡ ብረት በመዳብ ተለብጧል፣ ብሎኑ ክሮም ለብሷል፣ ጎማው ሳይቀር ነጭ ነው። እንግዳ ይመጣል ተብሎ የተጠረገ ቤት ይመስላል። በእኔ ዓይን ግልጽነቱ ራሱ ሌላ ዓይነት ቀለም ሆኖበታል። በ1987 የወጣው ፌራሪ ኤፍ 40 ይሻላል፤ ከኋላ ባለው ሞተር ላይ የተከደነው ግልጽ ፕላስቲክ የተሰነጣጠቀው ሙቀት እንዲያስወጣ ነው። ሥራ አለው ማለት ነው።

ዋናው ጉዳዬ ግን ይህን ክዳን በትናንሽ ሞዴሎች ላይ ለመድገም የሚደክሙት ሰዎች ናቸው። ከእውነተኛው መኪና 25 ጊዜ በሚያንስ ሞዴል ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮፈን በትልቁ ሲሰላ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል! ብርሃኑ ጠርዙ ላይ ይሰበራል፤ ሞተሩም በጠርሙስ ቂጥ የታየ ያህል ይዛባል። ስለዚህ ብልሆቹ ስስ ፕላስቲክ በሙቀት አለስልሰው፣ አየሩን ከሥር እየሳቡ በኮፈኑ ቅርጽ ላይ ያለብሱታል። በቅርጹ ላይ የቀረች ጭረት ሁሉ ወደ ግልጹ ስለምትተላለፍ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት እየደጋገሙ ማለስለስ ግድ ነው። ማጣበቂያውም ወጥመድ አለው፤ የሱፐር ግሉ ትነት ፕላስቲኩን ጉም ያለብሰዋልና ነጩ የእንጨት ኮላ ይመረጣል።

የሚያሳዝነው፣ ይህን ሁሉ ደክመው ከሥሩ አንዲት የካንዴላ ሽቦ እንኳ የሌለው ባዶ ሞተር የሚያስቀምጡ መኖራቸው ነው። ምን ልናይ ነው ታዲያ? እኔ የማደንቀው ሽቦውን ቀጥሎ፣ የዘይት እድፉንም ጠብ አድርጎ ኮፈኑን የሚገጥመውን ነው። ፖንቲያኩን የሚሠራው ግን እድፍ ሊጨምርበት አይችልም። በ2011 በ308,000 ዶላር በጨረታ ሲሸጥ የተነዳው 86 ማይል ብቻ ነበር።